ወይዘሮ ሐና ማሮን፦ ከበርሊን መድረክ እስከ «ክሮቪም ክሮቪም»

በእስራኤል ቴሌቪዥን የመጀመሪያው ተከታታይ የቤተሰብ ኮሜዲ «ክሮቪም ክሮቪም» ይባላል። «ክሮቪም» በዕብራይስጥ ዘመዶችም ቅርቦችም ማለት ስለሆነ ስሙ ራሱ ጨዋታ አለው። ከ1983 እስከ 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በትምህርት ቴሌቪዥን ቀረበ። ታሪኩ በአንድ የቴል አቪቭ ሕንፃ ስለሚኖሩ ዘመዳሞች ነው። አንዱ ከሌላው ቤት ሳይጠራ ይገባል፣ በማያገባውም ጉዳይ ምክር ይሰጣል። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነ የሆራም ጋኦንና ቲኪ ዳያን ጋር በዚያ ዝግጅት የሠሩት አንጋፋዋ ተዋናይት ሐና ማሮን ናቸው።

ወይዘሮ ሐና በ1923 በርሊን ተወለዱ። የቤተሰባቸው ስም ማየርዛክ ነበር። ገና በሕፃንነታቸው መድረክ ላይ ወጡ። በ1931 በወጣው «ኤም» በተባለው ዝነኛ የጀርመን ፊልም መጀመሪያ ላይ ከሚጫወቱት ልጆች መካከል ይታያሉ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ግን ለአይሁድ ልጅ በዚያ ቦታ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እስራኤል ምድር መጡ።

ይህን ክፍል አንባቢ በቀላሉ እንዳያልፈው እፈልጋለሁ። በርሊን ሕዝብ ያጨበጨበላት ልጅ እዚህ ስትደርስ ዕብራይስጥ እንደ አዲስ መማር ነበረባት። እኔም በሥራዬ ፔታህ ቲቅቫ ውስጥ በአገራቸው ጎበዝ ተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ግን ቋንቋው ስላልገባቸው ዝም ብለው የሚቀመጡ ልጆች አጋጥመውኛል። መምህሩ ዝምታቸውን እንጂ ችሎታቸውን አያይም። ሐና በዚያው በተማሩት ቋንቋ ነው የአገሪቱ ታላቅ ተዋናይት የሆኑት።

በሐቢማ የቴአትር ትምህርት ቤት ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በፈቃዳቸው አገለገሉ፤ በአይሁድ ብርጌድ የኪነት ቡድንም ሠሩ። በ1945 ወደ ካሜሪ ቴአትር ገቡ። በ1948፣ መንግሥት በታወጀ በሳምንታት ውስጥ፣ «በሜዳ ላይ ሄደ» በተባለው የሞሼ ሻሚር ተውኔት ሚካ የተባለችውን ወጣት ሆነው ተጫወቱ። ሚካም ከአውሮፓ የመጣች አዲስ ገቢ ናት።

የካቲት 1970 ለንደን ለመሄድ ሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሳሉ ፍልስጤማውያን ታጣቂዎች በኤል አል መንገደኞች ላይ ቦምብ ወረወሩ። አንድ ሰው ሞተ። ወይዘሮ ሐና ክፉኛ ቆስለው አንድ እግራቸው ተቆረጠ። ያን ጊዜ የ46 ዓመት ሴትና የልጆች እናት ነበሩ። ተዋናይ በእግሩ ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው፤ ብዙው ሰው ከዚህ በኋላ መድረክ አይታሰብም ቢል አይፈረድበትም። እርሳቸው ግን በሰው ሠራሽ እግር ተመልሰው፣ ቀላሉን ሳይሆን ከግሪክ ተውኔቶች ከባዱን «ሜዴያ»ን ተጫወቱ። በ1973 የእስራኤል ሽልማትን ተቀበሉ። «ክሮቪም ክሮቪም» ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ በቤታችን ያሳቁን ሴት ያን ሁሉ ተሸክመው ነበር።

ከጉዳቱ በኋላም ከፍልስጤማውያን ጋር ሰላም እንዲወርድ በአደባባይ ይሟገቱ ነበር። በዚህ ያመሰገናቸውም የተቆጣቸውም ሰው ነበረ፤ አቋማቸውን ግን አልደበቁም።

ባለቤታቸው ያዕቆብ ሬክተር የታወቁ አርክቴክት ነበሩ። ወይዘሮ ሐና እስከ እርጅናቸው ድረስ ሠርተው በግንቦት 2014፣ በ90 ዓመታቸው፣ ቴል አቪቭ ውስጥ አረፉ። ልጃቸው ዳፍና ሬክተርም ተዋናይት ናት።