የጎንቾ እስረኞች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በፍርድና በምሕረት መካከል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ በአንድ ጉዞ ሁለት አገር ያያል። ከላይ ገብስና በግ፣ ጉምና ብርድ ነው፤ ከታች ማሽላና ማሾ፣ ግመልና ሙቀት ነው። መንገዱ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆላው ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ከአፋር ሜዳ ጋራ ይገናኛል። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ ይፋት እየተባለ የሚጠራው ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ወገን የሆኑ ሱልጣኖች መንግሥት አቁመውበት ነበር፤ በ14ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ድል አድርገው አስገበሩት። ከዚያም ብዙ ዘመን ተለዋውጦ በመጨረሻ ይፋት በአንኮበር ተቀምጠው ለሚገዙት የሸዋ ነገሥታት የሚገብር አገር ሆነ።

ከነዚህ ነገሥታት መካከል ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847) ሸዋን ገዝተዋል። ስለ ንግዳቸው፣ ስለ ዘመቻቸውና ከውጭ መንግሥታት ጋራ ስላደረጉት ውል ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰውን የመቅጣትና የመማር ሥልጣን በአንድ እጅ ሲገኝ፣ እኒህ ንጉሥ ሁለቱን እንዴት አድርገው እንደ መዘኗቸው ነው። ጥያቄው ለንጉሥ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በብዕሩ አንድ መስመር ጽፎ ሰውን ከሥራው ሊያግድ ወይም ወደ ሥራው ሊመልስ የሚችል ሹም ሁሉ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይደርሰዋል።

ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። አባታቸው የሸዋው ገዥ ራስ ወሰን ሰገድ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ይባላሉ። በልጅነታቸው በሰላ ድንጋይ ትምህርት ላይ ነበሩ። በ1805 ዓ.ም. አባታቸው በአንድ አገልጋይ እጅ በድንገት በተገደሉ ጊዜ ግን የመጽሐፉ ጊዜ አበቃ። አልጋው በልማድ የሚገባው ለታላቅ ወንድማቸው ለበኩሬ ነበር። ነገር ግን በኩሬ በዚያች ሰዓት በስፍራው ስላልነበረ፣ እርሱ ሳይደርስ ወጣቱ ሣህለ ሥላሴ ነገሡ። ወንድምየውና ሌሎች የቅርብ ዘመዶችም ተይዘው ታሰሩ።

የታሰሩበት ስፍራ ጎንቾ ይባላል። ጎንቾ ከአንኮበር በታች በይፋት ተራራማ አገር የሚገኝ አምባ ነው። የወህኒው ጠባቂ የምሥራቁን ጠረፍ የሚያስተዳድረው የይፋት አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ነበር፤ ስሙ እንደሚያስረዳው ከጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች ዘር የሚቈጠር ሰው ነው። የክርስቲያኑ ንጉሥ ወንድሞች ጥበቃ ለእስላሙ አበጋዝ መሰጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የወላስማ ሰው የሸዋን አልጋ ሊመኝ አይችልም፤ ከታሳሪዎቹም አንዱን አንግሦ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ስለዚህ ታማኝ ጠባቂ ሆነ።

ነገሥታት ወንድሞቻቸውን የሚያስሩበት ልማድ በሸዋ የተጀመረ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ይጠበቁ ነበር፤ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወኅኒ አምባ ለዚሁ ሥራ ዋለ። የልማዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ንጉሥ በሞተ ቍጥር ወንድምና ወንድም ጦር ቢማዘዙ የሚያልቀው ገበሬው ነው፤ የሚቃጠለውም የገበሬው ጎተራ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ታስረው ብዙ ሺህ ሰዎች በሰላም ቢያርሱ ይሻላል ተባለ። ይህ አሳብ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቀላል አይደለም። የታሰሩት መሳፍንት ግን የሠሩት በደል አልነበረም። ጥፋታቸው ከማን እንደ ተወለዱ ብቻ ነበር።

በሌላው አስተዳደራቸው ሣህለ ሥላሴ ለሰው የሚራሩ ንጉሥ ተብለው ስማቸው ወጣ። የተበደለ ሰው ከግቢያቸው ደርሶ አቤት ሲል ጉዳዩን ራሳቸው ሰምተው ይፈርዱ ነበር። ንግሣቸው ወደ ሃያ ዓመት በተጠጋበት ጊዜ በሸዋ ድርቅና ረሃብ ሲገባ፣ ጎተራቸውን ከፍተው እህል ለሕዝቡ አከፋፈሉ። በአልዩ አምባ ገበያ የክርስቲያኑ፣ የአርጎባው፣ የአፋሩና የሐረሩ ነጋዴ ተገናኝቶ ጨውን፣ ቡናንና ጨርቅን ይለዋወጥ ነበር፤ ከተጁራ ወደብ የሚመጣውም ቅፍለት በፋሬ በኩል ወደ ሸዋ ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ ያለ ፍርድ ሥርዓት ሊሆን አይችልም ነበር፤ ነጋዴ ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ቢዘረፍ የሚፈርድለት ዳኛ እንዳለ ሲያምን ነውና።

ነገር ግን ይህንን ብቻ ተናግሮ ማለፍ እውነትን ማጉደል ይሆናል። የንጉሡ ጦር በየዓመቱ እየዘመተ በዙሪያው ባሉት የኦሮሞ አገሮች ላይ ከባድ ጥፋት ያደርስ ነበር፤ መንደር ይቃጠል፣ ከብት ይነዳ፣ ሴቶችና ሕፃናት ይማረኩ ነበር። ከአልዩ አምባ አጠገብ በአብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። በግቢው በር አቤት ያለው ሰው ያገኘውን ምሕረት፣ በዘመቻ ሜዳ ያለው ሰው አላገኘውም። የጦር አለቃቸው የመዶኮ ነገርም ይህንኑ ያሳያል። መዶኮ ሸፍቶ ወጋቸው፤ ድል ከሆነ በኋላ ገዳም ገብቶ ቢማጠን ማሩትና ወደ ሹመቱ መለሱት። በኋላ ግን እንደገና በከዳተኛነት ተጠርጥሮ ተገደለ። አንዱ ሰው በአንድ ንጉሥ ዘመን ፍጹም ምሕረትንም ፍጹም ፍርድንም አየ ማለት ነው፤ ሁለቱ ግን በየተራ መጡ እንጂ አብረው አልመጡም።

ሁለቱን አንድ ላይ የማኖር ችግር የሰው ልጅ ጥንታዊ ጥያቄ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከሰው አልፈው ስለ ፈጣሪ ጠይቀዋል። እግዚአብሔር ዓለምን በፍርድ ብቻ ቢገዛ ከኃጢአት ብዛት የተነሣ ማን ይቆማል? በምሕረት ብቻ ቢገዛስ ክፋትን ምን ያግደዋል? መልሳቸው ዓለም የቆመችው በሁለቱ ቅልቅል ነው የሚል ነበር። ይህንንም ለማስረዳት ምሳሌ ሰጡ። ንጉሥ በስስ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ብቻ ቢጨምርበት ይፈነዳል፤ የቀዘቀዘ ብቻ ቢጨምርበትም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቀላቅሎ ይጨምራል አሉ።

በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የወላስማ ሱልጣኖች በይፋት መንግሥታቸውን ባቆሙበት ዘመን ማለት ነው፣ በእስጳንያ ዞሃር የሚባለው የአይሁድ ምሥጢራዊ መጽሐፍ ወጣ። ካባላ የሚባለው የዚህ ትምህርት መምህራን፣ ከፈጣሪ የሚወጡ አሥር ኃይላት እንዳሉ ያስተምራሉ። በቀኝ በኩል ሔሴድ የሚሉት ቸርነት አለ፤ በግራ በኩል ዲን የሚሉት ፍርድ አለ፤ በመካከላቸውም ሁለቱን የሚያስታርቅ ርኅራኄ አለ። ቸርነት ወሰን ካጣ ሁሉን ያጥለቀልቃል ይላሉ። ከሁሉ የጠለቀው አሳባቸው ግን ስለ ፍርድ የተናገሩት ነው። ፍርድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቅዱስ ነው። ከምሕረት ተለይቶ ብቻውን በቆመ ጊዜ ግን የክፋት ምንጭ ይሆናል ይላሉ። ይህ ትምህርት በጎንደርና በሰሜን በግእዝ ኦሪት ይጸልዩ ወደ ነበሩት ቤተ እስራኤል አልደረሰም ነበር፤ በአንኮበርም የሰማው አልነበረም። ጎንቾን ለመረዳት ግን መልካም መብራት ይሆነናል።

የጎንቾ እስራት ሲጀመር ሕዝብን ከጦርነት ለማዳን የታሰበ ፍርድ ነበር። ነገር ግን ማብቂያ አልተሠራለትም። ይህን ያህል ዓመት ከታሰሩ በኋላ ይፈቱ፣ ወይም አገር ከተረጋጋ በኋላ ነገራቸው ይታይ የሚል ቃል አልነበረም። ዓመት ዓመትን ሲወልድ፣ የታሰሩበት ምክንያት እየተረሳ ሰንሰለቱ ብቻ ቀረ። ንጉሡ በአንኮበርና በአንጎለላ እየተመላለሱ ሲፈርዱና ሲመጸውቱ፣ የሥጋ ዘመዶቻቸው በይፋት ወህኒ ነበሩ። ምሕረቱ ከላይ፣ ፍርዱ ከታች፤ በመካከላቸው ግን መንገድ አልነበረም።

በንግሣቸው መጨረሻ አካባቢ የኤውሮጳ ሰዎች ወደ ሸዋ መምጣት ጀመሩ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍና ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ከመጡ በኋላ፣ ካፒቴን ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1833 ዓ.ም. ክረምት ደረሰ፤ በ1834 ዓ.ም. ኅዳር ወርም በሁለቱ መንግሥታት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሐሪስ ለአገሩ ጥቅም የመጣ ሰው ነበር፤ የጻፈውም መጽሐፍ በትዕቢት የተሞላ ነው። ቢሆንም ስለ ምርኮኞችና ስለ ጎንቾ እስረኞች ንጉሡን ደጋግሞ ለመነ።

በዚሁ ጊዜ ንጉሡ በጽኑ ታመሙ። አንድ ዓይናቸው ቀድሞ የጠፋ፣ ሰውነታቸው በዘመቻ የደከመ ነበር፤ ስለ ሞትና ከሞት በኋላ ስላለው ፍርድ ማሰባቸው አልቀረም። ሌላም የሚያሳስብ ነገር ነበር። ኃይለ መለኮትና ሰይፉ የሚባሉ ልጆች ነበሯቸው። የጎንቾ ሥርዓት እንዳለ ከቀጠለ አንዱ ልጅ በነገሠ ማግስት ለሌላው የሚጠብቀው ያው ሰንሰለት ነው። በወጣትነታቸው አልጋቸውን የጠበቀላቸው ሥርዓት በእርጅናቸው የገዛ ልጃቸውን ሊበላ ተዘጋጅቶ ቆመ። በሌላ ሰው ላይ የፈረዱት ፍርድ ወደ ገዛ ቤታቸው ዞሮ ሲመጣ አዩት።

ስለዚህ ሐሪስ ሸዋን ለቆ ከመሄዱ ጥቂት ቀደም ብሎ እስረኞቹ እንዲፈቱ አዘዙ። ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ የሆኑ ሰባት ሰዎች ከጎንቾ ወጥተው ወደ ንጉሡ ፊት ቀረቡ። ከብዙ ዓመት መታሸት የተነሣ ሰንሰለታቸው እንደ ብር ያብረቀርቅ ነበር። ረጅም እርምጃ መራመድ ስለ ረሱ አንዱ በአንዱ ትከሻ ተደግፎ በእንግሊዞቹ ፊት አለፉ። በዚያው ሰዓት እግር ብረታቸው ተፈታ። ንጉሡም ይህን ያዩትን ሥራ ለንግሥታቸው እንዲጽፉ እንግዶቹን አዘዙ፤ ይህም ምሕረቱ ዝናን ከመፈለግ ፈጽሞ የጠራ እንዳልነበረ ያስረዳል። ለተፈታው ሰው ግን ሰንሰለቱ የወደቀበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ መውደቁ እውነት ነበር።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ዐርፈው ልጃቸው ኃይለ መለኮት አልጋውን ወረሱ። ከስምንት ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ ገና ልጅ የነበሩት ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱና ዐሥር ዓመት ያህል በግዞት ቆዩ። ግዞት ምን እንደሆነ ያወቁት እኒህ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው በማረኩ ጊዜ ቁስላቸውን በገዛ እጃቸው አጥበው አሰሩላቸው፤ በኋላም ወደ አገራቸው መለሷቸው።

እንግዲህ የሣህለ ሥላሴን ሥራ እንዴት እንመዝነው? የሠሩት ምሕረት ዘግይቶ መጣ፤ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። ዘመዶቻቸውን ማሰራቸው በዘመኑ ልማድ ሊገባን ይችላል። የሚከብደው ለእስራቱ ማብቂያ ሳያደርጉ ይህን ያህል ዘመን መኖራቸው ነው። ለመማር ፈቃድ ነበራቸው፤ በረሃብ ጊዜ ጎተራ ከፍተዋልና። ነገር ግን ምሕረታቸው ከፍርዳቸው ጋራ በአንድ ቦታ አልተቀመጠም። ዳኛ ሲፈርድ በዚያው ቃል ውስጥ የመመለሻውን በር ካላኖረ፣ በሩን በኋላ ለመክፈት ሕመም፣ ወይም እንግዳ፣ ወይም የሞት ፍርሃት ያስፈልገዋል።

ሸዋ ሮቢት ዛሬ ከሽንኩርቷና ከማሾዋ ሌላ በትልቅ ማረሚያ ቤቷ ትታወቃለች። ማረም ማለት የተጣመመውን ማቅናት ነውና፣ ስሙ ራሱ ፍርዱ መድረሻ እንዳለው ይናገራል። በቢሮ ተቀምጦ ስለ ሌላ ሰው ዕድል ወረቀት የሚፈርም ወጣትም ይህን ማሰብ ይገባዋል። ጥፋትን አይቶ ዝም ማለት ምሕረት አይደለም፤ ከቀጡ በኋላ መርሳትም ፍርድ አይደለም። ያገደውን ሰው ጉዳይ መቼ እንደገና እንደሚያየው ቀኑን በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ቀኑም ሲደርስ መዝገቡን ያስወጣ።