የክብር ዶክተር ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ (1933–2001 ዓ.ም.)

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። ያደገው ወሊሶ በአያቱ ቤት ሲሆን፣ በዚያው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተምሯል። የሀገር ፍቅር ቴአትር ባለሙያዎች ወሊሶ መጥተው ያቀረቡት ትርኢት ለሙዚቃ የነበረውን ፍቅር አጸናው፤ ገና በልጅነቱም አዲስ አበባ ገብቶ የቴአትር ቤቱ ድምፃዊ ሆነ።

ቀጥሎ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። ክብር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የሞከረው የመንግሥት ግልበጣ ሲከሽፍ ጥላሁንም ታሰረ። ከተፈታ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ በብሔራዊ ቴአትር አገልግሏል።

በአማርኛና በኦሮምኛ ያዜማቸው ሥራዎቹ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴትም ወደ እጅ ስልክ ተሸጋግረዋል። ዕድሜ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ቃላትን አጥርቶ ማውጣቱ ነው፤ የግጥም ደራሲው ድካም ሳይደበዝዝ ከአድማጭ ጆሮ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በስኳር ሕመም ሳቢያ አንድ እግሩን ቢያጣም መዝፈኑን አላቋረጠም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት ዐረፈ፤ ሥርዓተ ቀብሩም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። በመድረክ ያላዩት ወጣቶች ዛሬም ዘፈኖቹን በቃላቸው ያዜማሉ።