ድምፅን በብርሃን የላከው መምህር

አሌክሳንደር ግራሃም ቤልን ብዙዎቻችን የምናውቀው በስልክ ፈጣሪነቱ ነው። የዕለት እንጀራው ግን ማስተማር ነበር። ዛሬ የምናወሳው ከስልኩ ይልቅ ስለሚወደው፣ ግን አየሩ ስላሸነፈው ሌላ ሥራው ነው።

ቤል እ.ኤ.አ. በ1847 በስኮትላንድ፣ በኤድንበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግግር አስተማሪ ነበሩ፤ እናቱ የመስማት ችግር ነበረባቸው። በ1871 ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ያስተምር ጀመር። ስለ ድምፅ ሌት ተቀን ማሰቡም ከዚሁ የመጣ ነው። በ1876 የስልክን የፈጠራ መብት አገኘ።

በዚህ አልረካም። ስልክ ሽቦ ይፈልጋል፤ ያለ ሽቦስ አይቻልም ወይ? ብሎ ተነሣ። በ1880 በዋሽንግተን ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴንተር ጋር ፎቶፎን የተባለውን መሣሪያ ሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የፀሐይ ብርሃን በስስ መስተዋት ላይ ያርፋል። ከመስተዋቱ ጀርባ ሲናገሩ መስተዋቱ ይርገበገባል፤ ተንጸባርቆ የሚሄደው ብርሃንም እንደ ድምፁ ይጠነክራል፣ ይደክማል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሴሌኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃኑ በተለዋወጠ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ይለዋወጣል፤ ድምፁም በስልክ ማዳመጫ ይሰማል። ቴንተር ከፍራንክሊን ትምህርት ቤት ጣሪያ የተናገረውን ቤል በ213 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሰማው።

ታዲያ ለምን ተረሳ? ሽቦ ደመና ቢጋርድ ግድ የለውም፤ ለፎቶፎን ግን ደመና መጣ ማለት ወሬው ተቋረጠ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ጠላት ዶፍ ዝናብ ሳይሆን ጉም ነው። የጉም ጠብታዎች እጅግ ደቃቅና ብዙ ስለሆኑ ብርሃኑን እየበታተኑ ከመንገዱ ያስወጡታል። የዝናብ ጠብታ ትልቅ ቢሆንም ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ያንሳል። ጠራ ባለ ቀን እንኳ ከጋለ መሬት የሚነሣው አየር ጨረሩን ያወዛውዘዋል። በቀትር ከጋለ አስፋልት ማዶ ያለው ነገር ሲንቀጠቀጥ የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤል በ1922 በካናዳ ዐረፈ። በ1960 ሌዘር ተሠራ፤ በ1970 ደግሞ ብርሃንን ብዙ ሳያባክን የሚያሳልፍ የብርጭቆ ክር ተገኘ። ብርሃንም ከጉምና ከዝናብ ተከልሎ በክር ውስጥ ይጓዝ ጀመር። ዛሬ ክር መዘርጋት በማይመችበት ቦታ በአየር ላይ በሌዘር የሚላላኩ አሉ። እነሱም ርቀቱን ያሳጥራሉ፤ ጉም ሲወርድ የሚተካ የሬዲዮ መስመርም በጎን ያዘጋጃሉ። የሬዲዮ ሞገድ ከጉም ጠብታ እጅግ ስለሚረዝም ጉም እንደ ብርሃን አያግደውም።

የቤል ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ከአየር ጠባይ የሚከለል መንገድ ነው። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ስልክን ማን ፈጠረ ብለን ብቻ ብንጠይቅ ተማሪዎቻችን ስም ይሸመድዳሉ። ፎቶፎንን ጉም ለምን አሸነፈው ብንላቸው ግን ያስባሉ።