የእንዶዱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ

ሳሙና በየገበያው እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት እናቶቻችን ነጠላውንና ጋቢውን የሚያነጹት በእንዶድ ነበር። ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በሞሉት በለሚ ኩራ እንኳ፣ መሬቱን የእርሻ ማሳ ሳለ የሚያውቁት አረጋውያን ፍሬውን አድርቆና ወቅጦ በውኃ አረፋ ማስደፈቅ ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም። ይህን ተራ ቁጥቋጦ በዓለም የሳይንስ መድረክ ያስጠሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በዚህ እትም ታሪካቸውን ስናቀርብ ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1930ዎቹ አጋማሽ በሐረርጌ ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ከተቀበሉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመደቡ። በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። ይህ በሽታ ከሕመምተኛው ሰገራ ጋር ወደ ወንዝ በሚገባ ዕንቁላል ይጀምራል፤ ከዕንቁላሉ የወጣው ትል በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ተራብቶ እንደገና ውኃው ውስጥ ይለቀቃል፤ በዚያ ውኃ የሚታጠበውን፣ የሚቀዳውን፣ የሚዋኘውንም ሕፃን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ የበሽታውን መንገድ ይቆርጣል።

ወጣቱ ተመራማሪ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተው አዩ። ከሌላ ስፍራ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዲቱ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው ለመኗት፤ ሁሉም ሞቱ። እነዚያ ሴቶች የዘመናት ዕውቀታቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ የጎደለው ልብ ብሎ የሚያይ ሊቅ ብቻ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው መሩ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ከተማ በተካሄደው ሙከራ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በቢልሃርዝያ የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ። በእንዶድ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። የእጽዋት ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የእንዶድን ዓይነቶች እየሰበሰቡ፣ የተሻለ ፍሬ የሚሰጡትን እየለዩ ሥራውን ከጎናቸው ሆነው አስፋፉት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ግኝት ለምን ወዲያው በየወንዙ አልዋለም? የዓለም የጤና ድርጅት እንዶድ ለሰውና ለከብት መርዛማ አለመሆኑ በዓለም አቀፍ ደንብ በታወቀ ቤተ ሙከራ እንዲረጋገጥ ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ፍትሐዊ ነበር እንላለን፤ ያልተመረመረ ነገር በድኻው የመጠጥ ውኃ ላይ ሊፈስ አይገባምና። ነገር ግን ምርመራው እጅግ ውድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራም በኢትዮጵያ አልነበረም። ከግኝቱ አንሥቶ ሩብ ምእት ዓመት ያህል ያለፈው በዚህ መሐል ነው። ዕውቀቱ በእኛ ዘንድ ነበረ፤ የማረጋገጫው ገንዘብ በሌሎች እጅ ነበር። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ወጪውን በመርዳቱ ምርመራው ተካሄደ፤ እንዶድ በተገቢው መጠን ሲውል ለአጥቢ እንስሳት የሚያሰጋ አለመሆኑም ታወቀ።

በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በስቶክሆልም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህን ሽልማት በ1980 ያቋቋሙት ያኮብ ፎን ዑክስኩል የሚባሉ ሰው የፖስታ ቴምብር ስብስባቸውን ሸጠው ነው። በዘመናችን ምጽዋት ስንል እህልና ልብስ ብቻ ይታሰበናል፤ ነገር ግን በ1888 በፓሪስ የተመረቀው የፓስተር ኢንስቲትዩትም የተሠራው ከባለጸጋውም ከድኻውም በተዋጣ ገንዘብ ነበር። በአዲስ አበባ ፓስተር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የዚሁ ስም ተቋም እንደሆነ ስንቶቻችን እናስባለን?

ቤተ ሙከራ የሌለው አገር ምን እንደሚገጥመው በ2020ም አይተናል። የኮሮና ወረርሽኝ ሲቀርብ የመጀመሪያዎቹ የተጠርጣሪዎች ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከዋል። ብዙም ሳይቆይ ምርመራው በአገር ውስጥ ተጀመረ፤ ከለሚ ኩራ ብዙ በማይርቀው በኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም ሕሙማን መታከም ጀመሩ።

ወደ ዶክተር አክሊሉ እንመለስ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ቀጥሎም በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለዋል። በ1990 በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው፣ በታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍን ባለዛጎል እንስሳም በእንዶድ እንደሚሞት በሙከራ ታየ። የዚህ አጠቃቀም የባለቤትነት መብት የተመዘገበው ግን በዩኒቨርሲቲው ስም ነው፤ ኢትዮጵያ ከዚህ ምን ድርሻ አላት የሚለው ጥያቄም አከራከረ።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ ሲውል ለማየት አልታደሉም፤ ዛሬም በአገራችን ቢልሃርዝያን ለመከላከል በዋነኛነት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ሲሆን፣ እርሱም የሚመጣው በውጭ ለጋሾች ችሮታ ነው። የመሠረቱት ተቋም በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሰፈረ ሰላም ይገኛል፤ ወጣት ተመራማሪዎችም በዚያ ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ቢልሃርዝያ ያጠናሉ።