ዘውድና ትዳር፤ የንግሥት ዘውዲቱ ሕይወት

ተማሪዎች፣ የነገሥታትን ታሪክ ስታነቡ ዓይናችሁ ዘወትር የሚያርፈው በጦር ሜዳውና በአዋጁ ላይ ነው። ወደ እልፍኙ ጠጋ ብላችሁ ብትመለከቱ ግን ጋብቻም እንደ ዘመቻና እንደ ውል ሁሉ የመንግሥት ሥራ እንደ ነበረ ትረዳላችሁ። ለዚህ የንግሥት ዘውዲቱ ሕይወት በቂ ምስክር ነው።

ዘውዲቱ በሚያዝያ ወር 1868 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሲሆኑ፣ እናታቸው ከወሎ ባላባት ወገን የተወለዱ ወይዘሮ ነበሩ። ወላጆቻቸው ቀደም ብለው ስለ ተለያዩ ዘውዲቱ ያደጉት በአባታቸው ቤት ነው።

በ1875 ዓ.ም.፣ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳሉ፣ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ምኒልክ ለዮሐንስ ገብረው ይኑሩ እንጂ በሁለቱ መካከል የነበረው መተማመን የሳሳ ነበርና፣ ጋብቻው የወዳጅነት ማሰሪያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ራስ አርአያ ግን በ1880 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዘውዲቱም በአሥራ ሁለት ዓመታቸው መበለት ሆኑ። በዚያን ወራት ሁለቱ ነገሥታት ተቃቅረው ለጦርነት ይፈላለጉ ነበር። ቢሆንም ዐፄ ዮሐንስ ምራታቸውን ብዙ ከብት ሸልመው ወደ ሸዋ በክብር ሸኟቸው። ጋብቻው ነገሥታቱን ባያስማማም፣ ሕፃኒቱ በሁለቱም ቤት መከበራቸው ከዚህ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ የተፈጸሙት ሁለት ጋብቻዎች አልሰነበቱም። በ1892 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ የሆኑትን ጉግሣ ወሌን አገቡ። ይህም ቢሆን የምኒልክን ቤት ከእቴጌይቱ ወገኖች ጋር ያስተሳሰረ ጋብቻ ነበር፤ ዕድሜው ግን ከቀደሙት ሁሉ ረዘመ።

ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥልጣኑ በዘውዲቱ እኅት በወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ፣ በልጅ ኢያሱ እጅ ጸና። ዘውዲቱም ከከተማ ርቀው በፋሌ ተቀመጡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ መኰንንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ አደረጉ። ነገር ግን በጉግሣ በኩል የእቴጌ ጣይቱ ወገን ዳግመኛ ኃይል እንዳያገኝ ፈርተው ነበርና፣ ንግሥቲቱ ከባለቤታቸው እንዲለዩ ተወሰነ። ጉግሣ በበጌምድር ገዥ ሆኑ፤ ዘውዲቱም የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ብቻቸውን ዘውድ ጫኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በልጅነታቸው ለመንግሥት ጥቅም ተዳሩ፤ ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ደግሞ ለመንግሥት ጥቅም ከትዳራቸው ተለዩ። ወራሽ የሚሆን ልጅም አልነበራቸውም። በዘመናቸው ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ብትሆንም፣ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር የያዙት እንደራሴው ነበሩ። ንግሥቲቱ ወደ ጾምና ጸሎት፣ አብያተ ክርስቲያናትንም ወደ ማሠራት አዘነበሉ።

ራስ ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ራስ ጉግሣ ከአዲስ አበባው መንግሥት ጋር ተጣሉ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ተደረገ። የመንግሥቱ አውሮፕላን በመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በተነ፤ ኋላም ቦምብ ጣለ። ጉግሣ ተዋግተው ወደቁ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ባል የተገደሉት በሚስታቸው ስም በሚገዛው መንግሥት ጦር ነው። በሕመም ላይ የነበሩት ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን፣ ዐረፉ። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተወርቷል፤ የስኳር በሽታና ትኩሳት ከዐቢይ ጾም ድካም ጋር ተደራርቦባቸው እንደ ነበረ ግን የታወቀ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ብትሄዱ፣ ዘውዲቱ ለአባታቸው ባሠሩት መቃብር ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ በአንድነት ዐርፈው ታገኛላችሁ። ባለቤታቸው ጉግሣ ግን በዚያ የሉም። ስለዚህ ተማሪዎች፣ የአንድን ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ የነገሠበትን ዘመን ብቻ አትቁጠሩ፤ ለዘውዱ የከፈለውንም ዋጋ መዝኑ።