አክሊሉ ለማ እና የደጋው ቁንጭር፦ ያበጠን ከንፈር በምርመራ የመለየት ውርስ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ (1935–1997፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስማቸው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ከእንዶድ ጋር ነው። በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ ተክሉ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ይህ ዝና ግን ለደጋው ሕክምና ይበልጥ የሚቀርበውን ሌላውን ሥራቸውን ጋርዶታል።

አክሊሉ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያጠኑት የሌሽማንያን ተውሳክ ነበር፤ በ1964 ከኤቨረት ሺለር ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ተውሳኩን ከሕዋስ ውጭ ስለማሳደግ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። በ1969 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ደጋ ስለሚገኘው የቆዳ ሌሽማንያሲስ፣ ማለትም ስለ ቁንጭር፣ ሥርጭት ቀዳሚ ጥናት አወጡ። ተከታዮቻቸው የገደል ሽኮኮ የተውሳኩ ማደሪያ፣ የአሸዋ ዝንብም አስተላላፊው መሆኑን አሳዩ፤ በ1973 ተውሳኩ ሌሽማንያ ኤትዮፒካ ተባለ።

ሥራው ከመካነ ሰላም እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ለተዘረጋው ገደላማ ደጋ ዛሬም ትርጉም አለው። ደቡብ ወሎ ቁንጭር ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሕሙማኑን ያክማል። ቁንጭር ከፊት ቆዳ ወደ አፍንጫና ወደ ከንፈር ሲዘልቅ ከንፈሩ ለወራት አብጦና ጠጥሮ ይቆያል። መልኩም ሚሸር በ1945 ከገለጹት፣ መንስኤው በውል ካልታወቀው ግራኑሎማዊ የከንፈር ብግነት ጋር ይመሳሰላል። በናሙና ምርመራም ሁለቱ ግራኑሎማ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። የሚሸር ሕመም ብዙ ጊዜ ወደ ከንፈር በሚወጋ ኮርቲኮስቴሮይድ ይታከማል፤ ቁንጭር ግን እንደ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ያለ ፀረ ተውሳክ መድኃኒት ይፈልጋል። ተውሳኩ ሳይፈለግ ስቴሮይድ ቢሰጥ የሰውነት መከላከያ ተዳክሞ ሕመሙ ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ደጋ ያበጠ ከንፈር ሲታይ አስቀድሞ ከቆዳው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሊመረመር፣ ሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያንም ሊፈለጉ ይገባል።

አክሊሉ ምልክትን ከማመን ይልቅ መንስኤን ከሥፍራው መፈለግን በሕይወታቸው አሳይተዋል። በዓድዋ ወንዝ ዳር የሠራው ዘዴ በጤና ጣቢያ የናሙና መስታወት ላይም ይሠራል።