የእንዶዱ መምህር፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

ደሴ ላይ ሆኜ፣ ከኮምቦልቻ ለሚመጡ የቢልሃርዝያ ሕሙማን ፕራዚኳንቴል ባዘዝኩ ቁጥር ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ትዝ ይሉኛል። ክኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ግን ነገ ተመልሶ ወንዝ ይገባል እኮ! እሳቸው ከክኒኑ በፊት ወንዙን ያዩ ሰው ናቸው።

በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እናቶቻችን በሳሙናነት የሚያውቁት ፍሬ የበሽታውን መንገድ የሚዘጋ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ የዓመታት ልፋት ተከተለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሠረቱ፤ ወጣት ተመራማሪዎችንም አፈሩ። የውጭ ባለሙያዎች ስለ እንዶድ ደህንነት ላነሱት ጥያቄ በተስፋ መቁረጥ ሳይሆን በምርመራ መለሱ። በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፣ ሽልማቱ ትልቅ ነው። ለኔ ግን የሚበልጠው፣ ዶክትሬታቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ይዘው መጥተው ልብስ ከሚያጥቡ እናቶች ለመማር አለማፈራቸው ነው። እኛስ ወንዝ ዳር የወረድነው መቼ ነው?